ከመተማ እስከ እህል በረንዳ በአንድ መደብር፦ የኢንተርኔት የጅምላ ንግድ ምን ይጠይቃል?

«ሰሊጥ ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በመተማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ነጋዴዎች መካከል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። በሥራው የቆየ ነጋዴ ግን ለዚህ ጥያቄ ወዲያው ቁጥር አይናገርም። «የት የሚረከብ? ስንተኛ ደረጃ? መቼ የሚጫን?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሳይታወቁ የሚጠራ ዋጋ ወሬ እንጂ ዋጋ እንዳልሆነ ያውቃልና።

ሰሞኑን በርካታ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች በተለያዩ ከተሞች ለሚገኙ ደንበኞቻቸው በጅምላ የሚሸጡበት የኢንተርኔት መደብር ለመክፈት ሲነጋገሩ ይሰማል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ብዙውን ጊዜ ውይይቱ የሚጀምረው ከድረ ገጹ ነው፤ ማን ይሠራልን፣ ስንት ያስከፍላል፣ በእጅ ስልክ ይከፈታል ወይ በሚል። የጅምላ መደብርን የሚያቆመውም ሆነ የሚጥለው ግን ከላይ የተጠቀሰው የሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው። በዚህ ጽሑፍ መተማንና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ መነሻ አድርገን ጉዳዩን እንመለከተዋለን። ቆላው ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተመቸ ነው። ገበያው ትልቅ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ችግሩም የተደበቀ አይደለም።

የነጋዴ ለነጋዴ መደብር ሲባል

በቅድሚያ ስለ ምን እንደምንናገር እንለይ። ጫማና ስልክ ለቤተሰብ የሚሸጥ የኢንተርኔት መደብር ለሁሉም አንድ ዋጋ ለጥፎ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ ይልካል። ነጋዴ ለነጋዴ የሚሸጥበት መደብር ግን ሌላ ጠባይ አለው። ገዢው ይታወቃል፤ የንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አስቀድሞ ይመዘገባል። ዋጋው እንደ መጠኑ፣ እንደ ቦታውና እንደ ደንበኛው ይለያያል። ዝቅተኛ የግዢ መጠን አለው። ገዢው ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ብወስድ በስንት ታደርሱልኛላችሁ?» ብሎ የዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል። ዱቤ አለ፣ የዱቤ ጣሪያም አለ። አንድ ስህተት የሚያስከትለው ጉዳትም የአንድ ጥንድ ጫማ ሳይሆን የአንድ ተሳቢ ጭነት ነው።

በዚህ ላይ «በበርካታ የክልል ገበያዎች» የሚለው ሲጨመር ሥራው ይባዛል። ገንዳ ውኃ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ በካርታ ላይ አራት ነጥቦች ናቸው፤ ለሻጩ ግን አራት የትራንስፖርት ሒሳቦች፣ አራት የገዢ ልማዶች፣ አንዳንዴም አራት የሚዛን ክርክሮች ናቸው።

በአገራችን የተሞከረው ትልቁ ምሳሌ

በዚህ ረገድ ልንማርበት የምንችለው ከፍተኛ የአገር ውስጥ ልምድ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ምርት ገበያው «የኢንተርኔት መደብር» ተብሎ አልተጠራም። ይሁንና ርቀው ያሉ ገበያዎችን በማስተሳሰር ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ፣ ገዢው ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ እንዲገበያዩ ያደረገ ድርጅት ነው። መተማም ከመጋዘኖቹ መገኛዎች አንዷ ናት።

መነሻው የሚታወስ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ፤ ገበሬው የምርት ማጓጓዣውን ወጪ እንኳ መሸፈን አቃተው። ብዙም ሳይቆይ በድርቁ ሳቢያ ሚሊዮኖች የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ትርፍ ያለበት ቦታና ጉድለት ያለበት ቦታ በአንድ አገር ውስጥ ሆነው አልተገናኙም። በእህል ገበያ ላይ ሲመራመሩ የነበሩት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ይህን ክፍተት በተደራጀ ገበያ መሙላት ይቻላል ብለው ተነሡ። ዶክተሯ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ያተኮረው በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ደላሎች ላይ እንደነበር ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማስታወስ ይገባል። የጥናቱ መልእክት በአጭሩ ሲታይ ደላላው በከንቱ መሐል የገባ ሰው አይደለም፤ የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ የሌለውን ዓይንና እምነት የሚያከራይ ነው የሚል ነው።

ምርት ገበያው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። በበቆሎና በስንዴ ተጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡና፣ ቀጥሎም ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ ገቡበት። አዲስ አበባ በሚገኘው የግብይት አዳራሽ ሻጭና ገዢ ወኪሎች እየጮኹ፣ በመጨረሻም መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ዋጋ ይቆርጡ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ድርጅቱ ገንዘብም ሆነ ባለሙያ አጥቶ አይደለም ኮምፒውተሩን ከሰባት ዓመት በላይ ያዘገየው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበሩት ነገሮች ሌሎች ናቸው። መጋዘን ነበረ። በመጋዘኑ በር ናሙና የሚወስድ፣ እርጥበቱንና ንጽሕናውን የሚለካ፣ ደረጃ የሚሰጥ ባለሙያ ነበረ። የተመሰከረለት ሚዛን ነበረ። ዕቃውን የሚወክል የመጋዘን ደረሰኝ ነበረ። ሻጩ ደረሰኙ ሳይኖረው፣ ገዢውም በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ሳይኖር ወደ ግብይት አይገቡም ነበር። ሒሳቡ በማግስቱ ይወራረዳል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ዋጋ የሚቆረጠው በጩኸት ይሁን በኮምፒውተር ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ይህ ሁሉ ከሌለ ግን ያማረ ድረ ገጽ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጭቅጭቁን ማፋጠን ብቻ ነው።

ከምርት ገበያው የዋጋ ሰሌዳ አንድ ሌላ ነገር እንልቀም። የሰሊጡ ዓይነት «ነጭ ሁመራ ጎንደር» ወይም «ወለጋ» ተብሎ ይለያል። ደረጃው በቁጥር ይጠቀሳል። ከዚያ ቀጥሎ መጋዘኑ የት እንዳለ ይጻፋል። ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ሰሊጥ መተማ መጋዘን ሲሆንና ጎንደር መጋዘን ሲሆን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ተደርገው ይሸጣሉ። አንዱ የግብይት መጠንም ለሰሊጥ 5 ቶን ማለትም 50 ኩንታል እንዲሆን ተወስኗል። «የት፣ ስንተኛ ደረጃ፣ ምን ያህል» የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ መስመር መልስ አግኝተዋል ማለት ነው። የግል መደብር የሚከፍት ነጋዴም የዕቃ ዝርዝሩን በዚሁ መንገድ ቢያዘጋጅ ግማሹን ክርክር አስቀድሞ ይዘጋል።

አንድ ዋጋ ለሁሉም ገበያ ሲለጠፍ

ብዙ ጀማሪ መደብሮች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ በአኃዝ እንየው። የሚከተለው ለማስረዳት የቀረበ ግምት እንጂ የወቅቱ ገበያ አይደለም።

አንድ ነጋዴ መተማ መጋዘን ውስጥ ማሽላ አለው እንበል። በቦታው ኩንታሉን በ5,000 ብር ቢሸጠው ረክቷል። ወደ ጎንደር ለማድረስ የኪራይ 250 ብር፣ የጫኝና አውራጅ 40 ብር፣ በመንገድ ለሚጎድለው ክብደት 25 ብር፣ ገንዘቡ ለአንድ ወር ታስሮ ለሚቆይበት ወለድ 75 ብር ያወጣል። ጎንደር ሲደርስ 5,390 ብር ሆነ። አዲስ አበባ ለማድረስ ደግሞ ኪራዩ 800፣ ጫኝና አውራጁ 60፣ የክብደት ጉድለቱ 50፣ ወለዱ 75 ብር ቢሆን 5,985 ብር ይደርሳል።

ነጋዴው «መደብሩ ቀላል ይሁን» ብሎ በሁለቱም ከተማ የሚያስረክብበትን ዋጋ 5,700 ብር ብሎ ለጠፈ። ምን ይከተላል? የጎንደሩ ገዢ 310 ብር እንደተጨመረበት ስለሚያውቅ ድረ ገጹን ዘግቶ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። የአዲስ አበባው ገዢ ግን ደስ ብሎት ያዝዛል፤ በእያንዳንዱ ኩንታል 285 ብር ሻጩ ይደጉመዋልና። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን ኪሣራው 114,000 ብር ነው። መካከለኛ ዋጋ መካከለኛ ውጤት አያመጣም። አንድ ዋጋ የሚሰበስበው በትክክል ሻጩን የሚያከስሩትን ደንበኞች ነው። ትእዛዙ በበዛ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ሻጩም ሽያጭ ስላደገ ደስ ይለዋል፣ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ።

ስለሆነም መነሻው መተማ መጋዘን ላይ የሚረከብ ዋጋ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ከተማ የማድረሻው ወጪ በተለየ መስመር መታየት አለበት። የማድረሻው ዋጋም የሚጸናበት ቀን ይጻፍበት። በመኸር ወቅት ሁሉም ወገን መኪና በአንድ ጊዜ ሲፈልግ ኪራዩ በሳምንት ውስጥ ይለዋወጣል። ወደ ቆላው ዕቃ አራግፎ ባዶ የሚመለስ መኪና የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ይህን የሚያውቀው ድረ ገጹ ሳይሆን መናኸሪያው አካባቢ የሚውለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ዋጋውን በየማለዳው የሚያስተካክል ሰው በደመወዝ መያዝ የመደብሩ ቋሚ ወጪ እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ምን ይሸጥበት?

የመተማ ስም ሲነሣ ሰሊጥ ትዝ ቢልም በግል መደብር ላይ በመጀመሪያ ሊቀመጥ የሚገባው ዕቃ ሰሊጥ ላይሆን ይችላል። ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 178/2002 ግብይታቸው ተለይቶ ወደ ምርት ገበያው እንዲሄድ የተደረጉ ምርቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የግብይት አማራጮችን የሚመለከቱ መመሪያዎች በየጊዜው ወጥተዋል። አቅራቢና ላኪ ፈቃዳቸው የሚለያይ በመሆኑም ማንም ተነሥቶ ሰሊጥ በድረ ገጽ ሊያጫርት አይችልም። ከመለጠፍ በፊት ወቅታዊውን መመሪያ ከንግድ ቢሮ በጽሑፍ መያዝ ይበጃል።

በአንጻሩ ብዙዎች የማያዩት ገበያ አለ። ቆላው ሻጭ ብቻ አይደለም፤ ከፍተኛ ገዢም ነው። ከሰኔ በፊት የትራክተርና የማረሻ መለዋወጫ፣ የአረም መድኃኒት፣ ምርጥ ዘር ይፈልጋል። ከመስከረም በፊት ጆንያ፣ ሸራ፣ ማጭድና ለሳሉጎች ቀለብ የሚሆን እህል፣ ዘይትና ጨው ይፈልጋል። ሳሉግ የሚባለው ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ በሂላ ከቆመ በኋላ አራግፎ ወደ ጆንያ ለማስገባት የሚኖረው ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን ጆንያ ያጣ ባለሀብት «በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል» የሚል መልስ አይጠቅመውም። ፍሬው መሬት ላይ ይፈስበታል።

ይህ ለኢንተርኔት መደብር የተመቸ ንግድ ነው። ዕቃዎቹ በደረጃ አያጨቃጭቁም፤ የመለዋወጫው ቁጥር አንድ ነው፣ የጆንያው ልክ አንድ ነው። ገዢዎቹም የተበታተኑ ናቸው፤ በመተማ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በቋራ ያሉ እርሻዎች ከሱቅ ወደ ሱቅ ለመዞር ርቀው ነው ያሉት። ፍላጎታቸው አስቀድሞ ይታወቃል። በግንቦት ትእዛዝ ሰብስቦ በአንድ ጭነት የሚያወርድ ነጋዴ በመስከረም አንድ በአንድ ከሚያመላልሰው ይልቅ በኪራይ ብቻ ብዙ ያተርፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በክረምት ከዋናው የጎንደር መተማ መንገድ ወደ ውስጥ የሚገቡት መንገዶች በጥቁሩ አፈር ጭቃ ይያዛሉ። በሐምሌ «እርሻዎ ድረስ እናደርሳለን» ብሎ መጻፍ ቃል ማፍረስን ከወዲሁ መዋዋል ነው። «ገንዳ ውኃ መጋዘን እናስረክባለን» ማለት ይበቃል።

የአረም መድኃኒትን በተመለከተ፣ የተመዘገበና ፈቃድ ያለው አስመጪ ያቀረበው ካልሆነ በመደብሩ ላይ ቦታ ሊኖረው አይገባም። በድንበር በኩል የሚገባው ርካሹ ዕቃ ስምን ከእርሻው ጋር ያቃጥላል።

ገንዘቡ በማን እጅ ይቆያል?

ገዢው «ዕቃውን ሳላይ አልከፍልም» ይላል። ሻጩ «ሳይከፈለኝ አልጭንም» ይላል። ይህ የዘመናት ክርክር በኢንተርኔት አይፈታም፤ እንዲያውም ሰዎቹ ስለማይተዋወቁ ይባባሳል። ምርት ገበያው የፈታው ገንዘቡንም ዕቃውንም አስቀድሞ በሦስተኛ ወገን እጅ በማስገባት ነው።

የግል መደብር ባለቤት ይህንኑ ልምሰል ብሎ የገዢውን ገንዘብ በራሱ ሒሳብ ልያዝ ቢል ወደ ሌላ ሥራ ገባ ማለት ነው። የሌላን ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ማስተላለፍ በብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 እና በተከታዮቹ መመሪያዎች የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ተግባር ነው። ሕጋዊው መንገድ ከባንክ ጋር መዋዋል ነው፤ ገንዘቡ በባንኩ ታግዶ ይቆያል፣ የመረከቢያ ሰነዱ ሲቀርብ ይለቀቃል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ መጀመራቸው ለትናንሽ ክፍያዎች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። የተሳቢ ሙሉ ጭነት ዋጋ ግን በእነዚህ የዝውውር ጣሪያ ውስጥ አይገባም። ቀብዱ በስልክ፣ ዋናው ክፍያ በባንክ ወይም በሲፒኦ ቢሆን የሚሠራ አሠራር ነው።

ዱቤን በሚመለከት ጠንካራ መሆን ይሻላል። በዱቤ የሚሸጥ መደብር ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጣሪያ ያስቀምጥ፤ ጣሪያው ሲሞላ መደብሩ ራሱ አዲስ ትእዛዝ አልቀበልም ይበል። የሰው ሻጭ ወዳጅነት ይይዘዋል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይሉኝታ አያውቅም። ከኢንተርኔት መደብር ጥቅሞች ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ዋጋ የሚጸናበትን ጊዜ በተመለከተ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ በአሮጌ ዋጋ ለጥፎ የተኛ ሻጭ ቢኖር፣ የሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛለትም። «ይህ ዋጋ ለ3 ቀን ይጸናል» የሚል አንድ መስመር እንዲህ ባለ ቀን የአንድ ድርጅት ዕድሜ ነው።

ደላላውን ምን እናድርገው?

ኢንተርኔት ደላላን ያስቀራል የሚለው አባባል በአዲስ አበባ ስብሰባዎች ላይ ይደመጣል። የሕንድ ልምድ ግን ሌላ ይናገራል። አይ ቲ ሲ የተባለው የሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ከአኩሪ አተር ገበሬዎች በቀጥታ ለመግዛት ኢ ቾፓል የተባለ አሠራር ጀመረ። በየመንደሩ በአንድ የታመነ ገበሬ ቤት ኮምፒውተር አኖረ። መብራት ቢጠፋ በፀሐይ ኃይል፣ የስልክ መስመሩ ቢያስቸግር በሳተላይት እንዲሠራ አደረገ። ገበሬው ወደ ገበያ ከመጓዙ በፊት ዋጋውን ያያል። ኩባንያው የቀድሞዎቹን የኮሚሽን ሠራተኞች አላባረረም፤ ማጓጓዙን፣ ወረቀቱንና ጥሬ ገንዘቡን እንዲያንቀሳቅሱ ሥራ ሰጣቸው። እነርሱ ያላቸውን እውቀት በገንዘብ ገዛ ማለት ነው።

እዚያው ሕንድ የመንግሥቱ ኢናም የተባለ የኤሌክትሮኒክ የእርሻ ገበያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 በ21 ገበያዎች ተጀምሮ በ2020 ወደ 1,000 ገበያዎች ደርሷል። ገበያዎቹ በመስመር ተገናኙ፤ ይሁንና ከግዛት ግዛት የሚደረገው ግዢ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ቆይቷል። ዋናው ምክንያት ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም። የሩቁ ገዢ በሌላው ገበያ የተሰጠውን የጥራት ደረጃ አላመነም።

ለእኛም መተማ ላይ ናሙና የሚያይ፣ ጆንያ የሚያስከፍት፣ ሲጫን ቆሞ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ዛሬ ደላላ ነው። ከገዢም ከሻጭም በስውር የሚቀበለውን ትቶ፣ ክፍያው በደረሰኙ ላይ ተጽፎ፣ ለመሰከረው ጥራት በፊርማው ተጠያቂ ከሆነ የመደብሩ ምሰሶ ይሆናል። ስሙም በየጭነቱ ሰነድ ላይ ይውጣ። ሦስት ጭነት በትክክል የመሰከረ ደላላ አራተኛው ላይ ገዢ ስሙን ፈልጎ ያዝዛል። ይህ ሥራ ለደላላው ራሱም ዛሬ ከሚያገኘው ያነሰ ገቢ ይኖረዋል ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለም።

መስመር ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራውን ሙሉ በሙሉ በድረ ገጽ ላይ ያደረገ መደብር ቢኖር ደንበኞቹን ምን ይላቸው ነበር? በመሆኑም ማንኛውም ትእዛዝ በተራ የስልክ ጥሪም እንዲሰጥ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲረጋገጥ፣ በመጋዘኑም በካርቦን ወረቀት በሚጻፍ መዝገብ እንዲያዝ ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። የትእዛዙ ቁጥር በሁለቱም ቦታ አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አንድ ጭነት ሁለት ጊዜ ይሸጣል።

የመንገዱ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። በጎንደር መተማ መስመር ሾፌሮችና መንገደኞች እየታገቱ ገንዘብ የተጠየቀባቸው ጊዜያት እንደነበሩ የሚታወቅ ነው። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ እንጂ የማድረሻ ሰዓት ጉዳይ አይደለም። «በ48 ሰዓት እናደርሳለን» የሚል ማስታወቂያ ሾፌሩን በማይነዳበት ሰዓት እንዲነዳ የሚገፋ ከሆነ መውጣት የለበትም። መንገድ ሲዘጋ ውሉ ምን እንደሚሆን፣ ዕቃው በማን ኪራይ እንደሚቆይ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፍ።

ወሰን ማዶስ? ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት ነው፤ ከዚያም ገዳሪፍ። አንድ ባለ መደብር ሱዳንን «ቀጣዩ ገበያ» ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። ይሁንና በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ጦርነት ስደተኞች በዚሁ ድልድይ ገብተዋል፣ የንግዱም መተላለፊያ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ድንበር የሚያቋርጥ ሽያጭ የወጪ ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሰነድና የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ያለው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአገር ውስጡ መደብር ሳይጸና በዚያ ላይ ይህን መደረብ አይመከርም።

ሕጉና ውሉ

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ውል በዚያ ምክንያት ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ሻጩ ማንነቱን፣ አድራሻውን፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋውን በግልጽ የማሳወቅ ግዴታም አለበት። ይህ ማለት ግን ፍርድ ቤት የሚያውቀው ያልተጻፈውን ነው ማለት አይደለም። ነጋዴው «ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ የሚተወውን ልማድ መደብሩ በቃል ማስፈር አለበት።

ከእነዚህ ልማዶች ሁሉ ገንዘብ የሚበላው የሚዛን ልዩነት ነው። መተማ 400 ኩንታል ተብሎ የተጫነው አዲስ አበባ 397 ሆኖ ይወርዳል። ሻጩ «ደርቆ ነው» ይላል፣ ገዢው «ተቀንሶ ነው» ይላል፣ ሾፌሩ ምንም አላየም። በውሉ ላይ የየትኛው ቦታ ሚዛን እንደሚጸና፣ እስከ ስንት በመቶ የሚደርስ ጉድለት እንደ ተፈጥሯዊ እንደሚቆጠር፣ ከዚያ የሚያልፈውን ማን እንደሚከፍል በቁጥር ይቀመጥ። ጆንያውም ይነገር፤ አንድ መቶ ኪሎ ከነጆንያው ነው ወይስ ያለ ጆንያው? በ400 ጆንያ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ለመጀመር ያሰበ ነጋዴ በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ዓይነት ዕቃና በሁለት ከተሞች ቢጀምር ይመከራል፤ ለምሳሌ ከጎንደር ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ ጆንያና ሸራ። ትእዛዙ በሐምሌ ተሰብስቦ ዕቃው ከመስከረም አጋማሽ በፊት መጋዘን መግባት ይኖርበታል። ከዚያ የዘገየ ጆንያ የሚሸጠው ለከርሞ ነው።